የትኛውን ሌንስ ልግዛ? ሐረርና ድሬ ላይ በሚረርለስ ካሜራ ለሚያነሱ ዝርዝር መመሪያ

ካሜራ ገዝቶ ጥቂት ወራት የቆየ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣም። «ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» ይላል። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። «እንደ መጀመሪያው ማንሳት አያሰኘኝም፤ ምን ነካኝ?» ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ነው የሚጠየቁት። እኔ ግን መልሳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው ባይ ነኝ። ምን ማንሳት እንደምትወዱ ስታውቁ ሌንሱ ይታወቃል። ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳችሁም ነገር እዚያው ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ሥራቸው ሌላ ሆኖ በትርፍ ሰዓታቸው ሚረርለስ፣ ማለት መስተዋት የሌለው፣ ካሜራ አንግተው ለሚወጡ ነው። ሐረር የሚኖሩ፣ ድሬ የሚኖሩ፣ ወይም ሁለቱን በሚያገናኘው የደንገጎ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ገንዘባችሁም ልፋታችሁም ይቆጠባል።

ደረጃ 1፦ እጃችሁ ላይ ያለውን ሌንስ እወቁት

ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ኪት ሌንስ ይባላል። ሶኒ ኤ6000 ላይ 16-50 ነው፤ ካኖን ኤም50 ላይ 15-45፤ ኒኮን ዜድ50 ላይ 16-50። ቁጥሮቹ ሚሊሜትር ናቸው። ትንሹ ቁጥር ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ትልቁ የራቀውን ያቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰር፣ ማለት ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ከፉል ፍሬም፣ ከድሮው ፊልም ጋር እኩል ከሆነው ትልቅ ሴንሰር፣ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን በ1.5 ማባዛት ያስፈልጋል። ካኖን ከሆነ በ1.6፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ (የኦሊምፐስና የፓናሶኒክ ዓይነት) ከሆነ በ2። 35 ሚሊሜትር ሌንስ ኤ6000 ላይ ሲገጠም፣ ፉል ፍሬም ላይ 52 ገደማ የሆነ ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ያሳያል። ዩቲዩብ ላይ «ለመንገድ ፎቶ 35ን የሚያህል የለም» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፉል ፍሬም ነው። በእናንተ ካሜራ ያ ሌንስ 23 ወይም 24 ነው። ይህን ሳያጣሩ ገዝተው «ጠበበብኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር አፐርቸር፣ ማለት የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ነው፤ ኤፍ 3.5-5.6 እንደሚለው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ኪት ሌንሳችሁ ዙም ስታደርጉት ወደ 5.6፣ ካኖንና ኒኮን ላይ ወደ 6.3፣ ይጠብባል። ኤፍ 1.8 የሚከፍት ሌንስ ከ5.6 አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በተግባር እንየው። ጨለም ያለ ቤት ውስጥ በ5.6 እና በ1/25 ሰከንድ ያነሳችሁት ሰው እጁን ቢያንቀሳቅስ ይበላሻል። በ1.8 ከሆነ ያንኑ ፎቶ በ1/250 ታነሱታላችሁ። እጁ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ኪት ሌንሱን ግን አትናቁት፤ አትሽጡትም። የድሬ ፀሐይ ላይ በኤፍ 8 ስታነሱበት ከውድ ሌንስ ለይቶ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የሚያቅተው ጨለማ ውስጥ ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ወር አንሱና ቁጥሩን ቁጠሩ

ሌንስ ሻጭን ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ፎቶዎች ጠይቁ። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል። ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ካላችሁ ፎልደሩን በዝርዝር መልክ ክፈቱና «ፎካል ሌንግዝ» የሚለውን ዓምድ ጨምሩ። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለው በማጣሪያው ያገኘዋል። ዲጂካም የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ይሠራል። ስልክ ላይ ደግሞ ፎቶውን ከፍታችሁ ወደ ላይ ስትገፉት ብዙ ጊዜ መረጃው ይወጣል።

ታዲያ ሁሉንም አትቁጠሩ። የምትወዷቸውን ብቻ ለዩ፤ ለሰው ለማሳየት የማታፍሩባቸውን። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ከ20 በታች፣ ከ20 እስከ 35፣ ከ35 በላይ። ከዚያ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ።

ውጤቱን ስታነቡ አትቸኩሉ። የሶኒ 16-50 ካሜራው በተከፈተ ቁጥር 16 ላይ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ብዙ 16 ብታዩ ሰፊ ሌንስ ትወዳላችሁ ማለት ላይሆን ይችላል። ዙም ሳታደርጉ ስለተጫናችሁ ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹን እዩአቸው። ጠርዝ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ትርፍ ከሆነ፣ ግማሽ መንገድ፣ ግማሽ ሰማይ ከሆነ፣ ያ ሌንስ ለእናንተ ሰፍቷል። 50 ላይ የተከማቸ ከሆነም ሁለት ምክንያት አለው። አንድም የፊት ፎቶ ትወዳላችሁ፤ አንድም ሰው መቅረብ ትፈራላችሁ። ፍርሃቱን ሌንስ አያድነውም፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ሙከራ አድርጉ። ዙሙን በእጅ የሚዞር ከሆነ 35 ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር እሰሩት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በየጊዜው እዚያው ቁጥር ላይ መልሱት። ለአንድ ሳምንት ሌላ አትንኩ። በሚቀጥለው ሳምንት 23 ላይ ድገሙት። ከሁለቱ አንዱ ይለምዳችኋል። ካሜራውን ዓይናችሁ ላይ ሳታደርጉ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር መገመት የምትጀምሩበት ያ ነው የእናንተ ሌንስ።

ደረጃ 3፦ ሌንሱን ከቦታው ጋር አስተያዩት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። የሐረርና የድሬ ብርሃን፣ የሐረርና የድሬ ስፋት አንድ አይደለም። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። አንዱ ጋ የሠራው ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል።

ከሐረሩ ጀጎል እንጀምር። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠሩት ግንብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ይጠጋል። 56 ወይም 85 ሚሊሜትር ይዛችሁ ብትገቡ ወደ ኋላ ስትሉ ጀርባችሁ ግንብ ይነካል። እዚህ ከ16 እስከ 23 ያለው ነው የሚመቸው። በጣም ሰፊ የሆነው ደግሞ ግድግዳዎቹን ያጋድላል። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ወደ ላይ አታቅኑት።

ስለ ጀጎል ግድግዳ አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ግድግዳዎቹ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ነጭ ተቀብተዋል። ጠዋት ፀሐይ አንዱን ወገን ትመታለች፤ ተቃራኒው ወገን ጥላ ነው። ሰው ጥላው ውስጥ ሲቆም ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ተንጸባርቆ የመጣ ነው። ግድግዳው ሮዝ ከሆነ ፊቱ ይሞቃል፤ ቆንጆ ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነ ግን የታመመ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሰው ከማቆማችሁ በፊት ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ እዩ። ከጀርባው ያለውን ብቻ ማየት አይበቃም። ሁለት እርምጃ ማንቀሳቀስ ፎቶውን ያተርፈዋል። ይህን ለማየት የእጃችሁን መዳፍ ብርሃኑ ላይ ዘርጉና ቀለሙን ተመልከቱ።

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ይሠራሉ። እዚህ ከ23 እስከ 35 ድረስ ይመቻል። እጅ፣ ጨርቅ፣ መርፌ ለብቻ ለማንሳት 35 ይሻላል። መርፌው ቆሞ እንዲታይ 1/500 ሰከንድና ከዚያ በላይ አድርጉ። የሚሮጥ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ወደ 1/30 ዝቅ በሉና ካሜራውን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉት።

ጊዲር ጋር፣ ማለት የባህላዊው ሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብርሃኑ በዋናነት የሚመጣው ከበሩ ነው። መደቦቹ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ተደርድሯል። ቀዩ መደብ ሁሉንም ነገር ያቀላዋል። ካሜራው በራሱ ነጭ ሚዛን እንዲመርጥ ብትተዉት ግራ ይጋባል። «ጥላ» ወይም «ደመና» የሚለውን አትምረጡ፤ «ፀሐይ» ላይ አድርጉትና በኋላ አስተካክሉ። እዚህ ቤት ውስጥ ነው 1.8 ወይም 1.4 የሚከፍት ሌንስ ጥቅሙ የሚታየው። በሩ ጋ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ብርሃኑን ግን አትከልሉት።

ማታ 1 ሰዓት አካባቢ የጅብ ማብላቱ አለ። የሚኖረው ብርሃን የባትሪ ወይም የመኪና መብራት ነው። 35 ወይም 50 በኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ንቃት) ከ3200 እስከ 6400፣ ሹተር (መዝጊያው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ አካባቢ። ፍላሽ አትጠቀሙ። ጅቡንም የሚያበላውንም ሰው ይረብሻል፤ የቦታውንም ድባብ ይገድለዋል። ፎከሱን የጅቡ ዓይን ላይ አድርጉ፤ ዓይኑ መብራት ስለሚመልስ ካሜራው ቶሎ ይይዘዋል።

ድሬ ስትወርዱ ቦታው ይሰፋል። ከዚራ ሰፈር ላይ ዛፎቹ መንገዱን ያጠሉታል። ጥላውና ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ይዘባረቃል። ሰው በዚያ መሐል ሲያልፍ ፊቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወድቃል። ሙሉ ጥላ ውስጥ እስኪገባ ጠብቁ፤ ያኔ ተጫኑ። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከገባ ወዲህ የተሠራው አካባቢ ሕንፃዎቹ ዝቅ ያሉ፣ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። 35 እና 50 እዚህ እንደ ልብ ይሠራሉ።

የድሬ ቀትር ግን ልዩ ጠባይ አለው። በኤፍ 1.8፣ በአይኤስኦ 100 ብታነሱ ፎቶው ነጭ ይሆናል። ያን ያህል ብርሃን ለመቆጣጠር 1/8000 አካባቢ የሚደርስ ሹተር ያስፈልጋል፤ ኤ6000 ደግሞ ከ1/4000 አያልፍም። ስለዚህ ወይ አፐርቸሩን ወደ 4 ዝጉ፤ ወይ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ግጠሙ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በዚያን ሰዓት በረንዳ ሥር፣ ሱቅ ደጃፍ፣ ድንኳን ውስጥ ግቡ።

ለርቀት የሚሆን ዙም የሚያስፈልገው ወፍ ለሚወድ ወይም ደንገጎ ላይ ቆሞ ሸለቆውን ደረጃ በደረጃ ለሚያነሳ ሰው ነው። 55-210 ወይም 50-250 ዓይነት ይበቃል። ለባቢሌ ድንጋዮች ኪት ሌንሱ ራሱ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ አንድ ፕራይም ሌንስ ምረጡ

ዙም የማያደርገው ሌንስ ፕራይም ይባላል። የመጀመሪያ ግዢያችሁ እሱ ይሁን። ዋጋው ከሚሰጠው ብርሃን አንጻር ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ሰው አያስደነግጥም። ቀበሌ መንገድ ላይ ትልቅ ሌንስ ስታወጡ «ጋዜጠኛ ነህ?» የሚል አይጠፋም።

23 ወይስ 35? ሰው የምትወዱ፣ ፊትና እጅ የምትወዱ ከሆነ 35 ውሰዱ። ሰውን ከነሰፈሩ ማሳየት የምትወዱ ከሆነ 23። እኔ ለሐረር የምመርጠው 23ን ነው፤ ለድሬ 35ን። አንድ ብቻ ግዛ ካላችሁኝ 23።

በየካሜራው እንዲህ ነው። ሶኒ ላይ የራሱ 35 ኤፍ 1.8 እና የሲግማ 30 ኤፍ 1.4 አሉ፤ ሰፋ ያለ ለፈለገ የሲግማ 16 ኤፍ 1.4 አለ፣ ከባድ ቢሆንም። ፉጂፊልም ላይ ኤክስሲ 35 ኤፍ 2 ርካሹ ነው፤ 23 ኤፍ 2 እና 27 ኤፍ 2.8ም አሉ። ኒኮን ዜድ ላይ 24 ኤፍ 1.7፣ 28 ኤፍ 2.8 እና 40 ኤፍ 2። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ያላችሁ 17 ኤፍ 1.8 እና 25 ኤፍ 1.8 ፈልጉ።

ካኖን ያላችሁ ተጠንቀቁ። ኤም50 የሚወስደው ኢኤፍ-ኤም የሚባለውን ነው። ካኖን ያን መስመር አቁሟል። አዲሱ አርኤፍ ሌንስ ኤም50 ላይ አይገጥምም፤ የሚያገናኛቸው አዳፕተርም የለም። «ካኖን ሚረርለስ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የትኛው ማውንት (የሌንስ መግጠሚያ) እንደሆነ ጠይቁ። ለኤም50 የሚሆነው ድንቅ ሌንስ 22 ኤፍ 2 ነው። ያገለገለ ከተገኘ አታሳልፉት። አር50 ያላችሁ ደግሞ አርኤፍ 28 ኤፍ 2.8 ወይም አርኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ማየት ትችላላችሁ።

እጅ ካጠረ ሌላም መንገድ አለ። ሚረርለስ ካሜራ ውስጥ መስተዋት ስለሌለ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ይቀርባል። ሶኒ ላይ ርቀቱ 18 ሚሊሜትር ነው፤ በካኖን ባለመስተዋት ዲጂታል ካሜራዎች 44። በመሐል የተረፈው ክፍተት አዳፕተር ያስገባል። ስለዚህ የድሮ ሌንሶች፣ ለምሳሌ የሶቪየቱ ሄሊዮስ 58 ኤፍ 2፣ በርካሽ አዳፕተር ይገጥማሉ። ፎከሱ በእጅ ነው። ካሜራው ላይ «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚለውን አማራጭ ካልፈቀዳችሁለት አይጫንም፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው። ፎከስ ፒኪንግ የሚለውንም ክፈቱ፤ የጠራው ጠርዝ በቀለም ይታያል።

ደረጃ 5፦ ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ

እኛ ጋ ሌንስ የሚመጣው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ፣ ከአዲስ አበባ፣ ወይም በቴሌግራም በተገናኘ ሻጭ ነው። ሳታዩ ብር አትላኩ። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ የስልካችሁን ባትሪ ከኋላ በሌንሱ ውስጥ አብሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ጥቂት አቧራ ግን ምንም አያደርግም። ቀጥሎ አፐርቸሩን ዝጉና ክፈቱ፤ ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ካለ ይዘገያሉ። ከዚያ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ፊት ለፊት ቆማችሁ በክፍት አፐርቸር አንሱ። አራቱም ማዕዘን ላይ ያለው ጽሑፍ እኩል መነበብ አለበት። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ሃያ ሠላሳ ጊዜ ፎከስ አስደርጉት፤ ድምፁን ስሙ።

ደረጃ 6፦ አቧራና ሙቀት

የድሬ ንፋስ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። መስተዋት ስለሌለ ሴንሰሩ በቀጥታ ይጋለጣል። የግድ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ግቡ፤ ካሜራውን አጥፉ፤ አፉን ወደ መሬት አዙሩ፤ አዲሱን ሌንስ አዘጋጅታችሁ ቶሎ ቀይሩ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ይገባል። የጎማ መንፊያ ግዙ፤ ርካሽ ነው። ቆሻሻ መኖሩን ለማወቅ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል።

ፊት ላይ የሚገጠም መከላከያ ፊልተር አስፈላጊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አያልቅም። እዚህ አገር ላይ እኔ ግጠሙ እላለሁ። ማታ መብራት ፊት ለፊት ስታነሱ ግን አውጡት፤ ነጸብራቅ ይፈጥራል። ካሜራ የቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 7፦ ሰው መቅረብ

ቅድም ያልኩት ፍርሃት ይኸው። ከሩቅ ተደብቆ ማንሳት ሰውን ያስቆጣል፤ መቆጣቱም ትክክል ነው። ቀርባችሁ ሰላም በሉ። «እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ስፌትዎ በጣም አምሯል፤ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ይበቃል። ኦሮምኛ ለሚናገር «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር በር ይከፍታል። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ፤ ደግማችሁ አትለምኑ። ገበያ ላይ ሴቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ መልስ ሰጥተዋል ማለት ነው። ኬላ፣ ወታደር፣ የመንግሥት ተቋም አታንሱ። ጅብ ማብላት ላይ ለሚያበላው ሰው የሚከፈለውን ክፈሉ።

ደረጃ 8፦ ፍቅሩ እንዳይቀዘቅዝ

ፎቶ የሚሰለቸው ዓላማ ሲያጣ ነው። ዝም ብሎ መውጣት፣ ያገኙትን መጫን፣ ማታ ለጥፎ ላይክ መቁጠር። ለጥቂት ወራት ያስደስታል። ከዚያ ሞራሉ ይወርዳል። ሰውም አዲስ ሌንስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ይሄኔ ነው። ሌንሱ ሁለት ሳምንት ያስደስተዋል፤ ከዚያ እዚያው።

ስለዚህ ትንሽ ፕሮጀክት ያዙ፤ ስምና ማብቂያ ያለው። ሐረር ላይ የቀሩት ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ታክሲዎች ከነሾፌሮቻቸው። የጀጎል በሮች፤ ከአሚሩ ዘመን የመጡት አምስቱና በኋላ የተጨመረው የሐረር በር። የአንድ ልብስ ሰፊ አንድ ዓመት። የከዚራ ዛፎች በየወሩ ከአንድ ቦታ። ሃያ ፎቶ ሲሞላ ያበቃል በሉ። የሚያበቃ ነገር ሰው ይጨርሳል።

ሁለተኛው ያለፈውን መመልከት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሐረር የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ልኳል። ማጠቢያ ውሃው መጥፎ ስለነበር ፎቶዎቹ እንደነጡ በደብዳቤው ጽፏል። በስሙ የሚጠራው ሙዚየም ውስጥ የድሮ ሐረር ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አንዱን ምረጡ። የተነሳበትን ቦታ ፈልጉ፤ ፈረስ መጋላ ከሆነ ቀላል ነው። በዚያው አቅጣጫ፣ ጥላው ተመሳሳይ በሚሆንበት ሰዓት አንሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ ስለ ሌንስ ስፋትም ብዙ ያስተምራል።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል አለ። ጥር ላይ ጥምቀት አለ። የአሹራ ቀን አለ። ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ ሹዋሊድ የሚባለው የሐረሪዎች በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከበዓሉ አንድ ወር በፊት የት እንደምትቆሙ አስቡ፤ በዋዜማው ቦታውን እዩ። የሚጠበቅ ቀን ያለው ሰው ካሜራው አቧራ አይጠጣም።

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ፎቶ ማሳጠብና መስጠት ነው። ወር በገባ አምስት ፎቶ ምረጡ፤ ከመቶ አምስት መምረጥ ራሱ ትምህርት ነው። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳጥቡ፤ ለሰዎቹ አድርሱ። አንዲት ስፌት የሚሰፉ እናት ፎቶአቸውን ስሰጣቸው ፊታቸውን አላዩም። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አድርገው ከዳር ያለውን መስመር እየቆጠሩ «ይቺን ሳልጨርሳት ነው ያነሳኸኝ፤ ሐሙስ ና፤ ስታልቅ ታነሳታለህ» አሉኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ሌላ ስፌት ጀምረው አገኘኋቸው፤ እሱንም አነሳሁ። ስልክ ላይ ለጥፌው ቢሆን ይህ ቀጠሮ አይኖርም ነበር። ፎቶ ስትሰጡ የሚጠራችሁ ሰው ይኖራል፤ የሚጠራችሁ ሰው ካለ ደግሞ ትወጣላችሁ።

አብሯችሁ የሚወጣ ጓደኛም ፈልጉ። ፎቶአችሁን ሲያይ «አሪፍ ነው» ብቻ የሚል አይሁን። «ይሄ ሰውዬ ለምን ጠርዝ ላይ ተቆረጠ?» የሚል ይሁን። ሲደክማችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ካሜራውን አስቀምጡ፤ ባትሪውን ብቻ ቻርጅ አድርጋችሁ።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛው ሌንስ መቼ?

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በሌንስ ምክንያት ያመለጣችሁን ፎቶ ብቻ ጻፉበት፦ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ምን እንደጎደለ። «ጊዲር ጋር ውስጥ፣ መደቡን ሙሉ ማስገባት አልቻልኩም» ዓይነት። በስንፍና ወይም በፍርሃት ያመለጠው እዚህ አይገባም። አንድ ዓይነት ምክንያት ደጋግሞ ሲጻፍ፣ ያኔ ግዙ።

የበሮቹን ፕሮጀክት የጀመረ ሰው ደብተር ላይ ሰፊ ሌንስ ይደጋገማል፤ 16 ወይም 12 ይውሰድ። የልብስ ሰፊውን ዓመት የሚያነሳ ሰው ጣትና ክር ለመቅረብ ይቸገራል። ለእሱ ማክሮ ወይም የካኖኑ አርኤፍ 35 ኤፍ 1.8 ዓይነት ቅርብ ፎከስ የሚያደርግ ይሻላል። ቁልቢ ላይ ከሕዝቡ መሐል ፊት ለመለየት የተቸገረ 56 ኤፍ 1.4 ይፈልግ። የታክሲዎቹን ሾፌሮች የሚያነሳ ግን ከመቀመጫው አጠገብ ተቀምጦ 23ቱ ይበቃዋል። ገንዘቡን ለነዳጅና ለፎቶ ማሳጠቢያ ያድርገው።